የኮኮናት ዘይት ንግድ በሳሞአ፦ የውጭ ሽያጩ አዝማሚያና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚሰጠው ትምህርት

1. መግቢያ

እንደሚታወቀው፣ የቅባት እህልን ለውጭ ገበያ የሚያቀርቡ አገሮች ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ የገበሬውም የመንግሥቱም የውጭ ገቢ ለረጅም ዘመን በአንድ የቅባት ሰብል ላይ በእጅጉ የተመሠረተባቸው ጥቂቶች ሲሆኑ፣ ከእነዚህም የሚበዙት በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ የተበተኑ ትናንሽ የደሴት አገሮች ናቸው። ሳሞአ ከእነዚህ አንዷ ነች። ኡፖሉና ሳቫዪ በሚባሉ ሁለት ዋና ዋና ደሴቶችና በጥቂት ትናንሽ ደሴቶች የተዋቀረች ሆና፣ የቆዳ ስፋቷ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። የሕዝቧም ቁጥር 200,000 ያህል ነው። እስከ 1997 ድረስ ምዕራብ ሳሞአ ተብላ ትጠራ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ሩቅ ደሴት ኮኮናት ለአገራችን የኤክስቴንሽን ሠራተኞች መጻፍ ምን ይጠቅማል? የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሳችን አጭር ነው። አገር ትንሽ ሲሆን፣ በትልቅ አገር ውስጥ ተደባልቆ የሚጠፋው ነገር ሁሉ ጎልቶ ይታያል። አንድ የቅባት ሰብል ከማሳ ተነሥቶ እስከ መርከብ ሲደርስ የት ላይ እንደሚበላሽ፣ ማን እንደሚጎዳና ማን እንደሚጠቀም በሳሞአ በግልጽ ማየት ይቻላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያንን አሳይቶ፣ ስለ ቅባት እህል ግዢና ስለ መጭመቂያ መሣሪያ ያለንን አስተያየት ለማቅረብ ነው።

2. የንግዱ አጀማመር

በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ የአውሮፓ ነጋዴዎች ከደሴቶቹ ይገዙ የነበረው የወጣ ዘይት ነበር። ሕዝቡ የኮኮናቱን ነጭ ሥጋ እየፋቀ ፀሐይ ላይ ያቆይና የሚንጠፈጠፈውን ዘይት ያጠራቅማል። ዘይቱ በበርሜል ተጭኖ ወራት ከሚፈጅ ጉዞ በኋላ አውሮፓ ሲደርስ የሸተተና ከፊሉም የፈሰሰ ይሆን ነበር።

በ1857 የሐምቡርጉ የጎደፍሮይ ኩባንያ በአፒያ ከተማ የንግድ ጣቢያ አቋቋመ። በኋላም ቴዎዶር ቬበር የተባለው የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ፣ ዘይቱ ቀርቶ የኮኮናቱ ሥጋ ራሱ እየደረቀ እንዲጫን አደረገ። ይህ የደረቀ ሥጋ ኮፕራ ይባላል። ዘዴው በመላው ፓሲፊክ ተስፋፋ። ለገበሬውም ሥራው ቀለለለት፤ ሰብሮ፣ አድርቆ፣ በጆንያ አድርጎ መሸጥ ብቻ ሆነ። ነገር ግን የመጭመቁ ሥራ ከነትርፉ፣ ለከብት መኖ የሚሆነውም ፋጉሎ ጭምር ባሕር ተሻግሮ ሄደ። ስለዚህ ጥሬውን ልኮ የተሠራውን የመግዛት ልማድ በሳሞአ የጀመረው ዛሬ አይደለም፤ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ጀርመኖች ሰፋፊ የኮኮናት እርሻዎችን አቋቋሙ። በ1914 የኒውዚላንድ ጦር ደሴቶቹን ሲይዝ እርሻዎቹም በኒውዚላንድ አስተዳደር ሥር ዋሉ። በ1957 ለአገሬው የእርሻ ድርጅት ተላለፉ። ከእነዚህ ጎን ለጎን በየመንደሩ፣ በቤተ ዘመድ የጋራ መሬት ላይ የሚለማው ኮኮናት ምንጊዜም ነበር። ይኸኛው ለምግብም፣ ለእሪያ መኖም፣ ለሽያጭም የሚሆን ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲያስታውሰው እንፈልጋለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

3. የውጭ ሽያጩ አዝማሚያ

ሳሞአ በ1962 ነጻነቷን ስትቀዳጅ ለውጭ ገበያ የምታቀርባቸው ዋና ዋና ሰብሎች ኮፕራ፣ ካካዎና ሙዝ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የኮኮናቱን ንግድ በአራት ወቅቶች ከፍሎ ማየት ይቻላል።

የመጀመሪያው ወቅት እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ያለው ሲሆን፣ የሚላከው ኮፕራ ነበር። መጠኑ ከዓለም ዋጋ ጋር ይወጣና ይወርድ ነበር። በ1974 ዋጋው ሽቅብ ወጣ፤ ወዲያውም ተመልሶ ወረደ።

ሁለተኛው ወቅት የፋብሪካ ወቅት ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአፒያ አቅራቢያ የዘይት ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በዚህም ኮፕራ መላክ እየቀረ ዘይትና ፋጉሎ መላክ ተጀመረ። በ1984 የኮኮናት ዘይት ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ ስለ ጨመረ ፋብሪካው ትክክለኛ መንገድ መሰለ። በ1986 ግን ዋጋው ተንኮታኮተ። መንደሬውም ኮኮናቱን መልቀም ተወ።

ሦስተኛው ወቅት የአደጋ ወቅት ነው። በየካቲት 1990 ኦፋ፣ በታኅሣሥ 1991 ደግሞ ቫል የተባሉ ኃይለኛ ዐውሎ ነፋሶች ደሴቶቹን መቱ። ዛፎች ተገነደሱ፤ የቀሩትም ፍሬያቸው ረግፎ፣ አናታቸው ተገሽልጦ ለተከታታይ ዓመታት በቂ ምርት ሳይሰጡ ቆዩ። ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ አጣ።

አራተኛው ወቅት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ያለው ነው። በብዛት የሚላክ ተራ ዘይት ቀርቶ፣ መጠናቸው አነስተኛ ዋጋቸው ግን ከፍ ያለ የኮኮናት ውጤቶች ቦታውን ያዙ። በጣሳ የታሸገ የኮኮናት ክሬምና በየመንደሩ በቀዝቃዛ ዘዴ የሚጨመቅ ንጹሕ ዘይት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

4. ሽያጩ ስለ ምን አዘቀዘቀ?

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ በዓለም ዋጋና በዐውሎ ነፋስ ላይ ይጫናል። እነዚህ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው፤ አንክድም። የኮኮናት ዘይት ሎሪክ አሲድ በብዛት ያለበት ዘይት ነው፤ ሳሙና ሠሪዎች የሚፈልጉትም ለዚሁ ነው። የፓልም ፍሬ አስኳል ዘይትም ይህንኑ ይሰጣል። ማሌዥያና ኢንዶኔዥያ የፓልም እርሻቸውን ሲያስፋፉ ሳሙና ሠሪው አማራጭ አገኘ። ስለዚህ ሳሞአ የቱንም ያህል ብትደክም ዋጋ ተቀባይ እንጂ ዋጋ ቆራጭ ልትሆን አትችልም።

ይሁንና ዋጋም ንፋስም ወድቆ የማይነሣ ንግድ አይፈጥሩም። ዋጋ ይመለሳል፤ ከንፋስም በኋላ ዛፍ ይተከላል። ንግዱ እንዳያንሠራራ ያደረጉት፣ በእኛ አስተያየት፣ ቀጥሎ የተዘረዘሩት ሦስት የቤት ውስጥ ምክንያቶች ናቸው።

ሀ. የዛፉ እርጅና

ረጅሙ የኮኮናት ዝርያ ከተተከለ ከ6 እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ማፍራት ይጀምራል። ለብዙ ዓመታት በደንብ ከሰጠ በኋላ፣ 50 እና 60 ዓመት ሲሆነው ምርቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ቅነሳው ቀስ በቀስ ስለሆነ ገበሬው አያስተውለውም። የኤክስፖርት መዝገቡም ቢሆን የሚነግረን የዛሬን ሽያጭ እንጂ የዛፉን ዕድሜ አይደለም። ዋጋ ጥሩ በሆነበት ዓመት ሁሉም ይለቅማል እንጂ ማንም አይተክልም። ዋጋ በወደቀበት ዓመት ደግሞ ለመትከል ገንዘብም ፍላጎትም አይኖርም። እንዲህ እያለ የመትከያው ጊዜ ያልፋል።

በዚህ ላይ ተባይ ይጨመራል። ባለ ቀንዱ የኮኮናት ጢንዚዛ በ1909 ገደማ ከውጭ ከመጣ የጎማ ዛፍ ችግኝ ጋር ወደ ሳሞአ ገባ። ይህ ጢንዚዛ የሚራባው በበሰበሰ ግንድና በፍግ ክምር ውስጥ ሲሆን፣ ወደ ዛፉ አናት እየወጣ ለጋውን ቅጠል ይበላል። ተመራማሪዎች በ1963 በማሌዥያ ያገኙት ቫይረስ ከ1967 ጀምሮ በሳሞአ ተለቆ ጉዳቱን በእጅጉ ቀንሷል። ይህም በሥነ ሕይወታዊ የተባይ መከላከያ ታሪክ ከሚጠቀሱት ስኬቶች አንዱ ነው። ነገር ግን ቫይረሱ የወደቀ ግንድ አያነሣም። ያረጀ ዛፍ ሲወድቅ፣ ንፋስም የጣለው ግንድ ሳይቃጠል ወይም ሳይነሣ ሲቀር ጢንዚዛው አዲስ ቤት ያገኛል፤ አዲስ የተተከለውንም ችግኝ ያጠቃል። በ2007 በጓም ደሴት ይህ ቫይረስ የማይበግረው የጢንዚዛ ዓይነት ተገኝቶ ወደ ሌሎች የፓሲፊክ ደሴቶች መዛመቱ ደግሞ የማሳ ጽዳት በመድኃኒት እንደማይተካ ያረጋግጣል።

ለ. ጥራት ያልለየ ግዢ

ይህን ነጥብ በስሌት ማሳየት እንወዳለን። ትኩስ የኮኮናት ሥጋ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። ጥሩ ኮፕራ የሚባለው እርጥበቱ ወደ 6 ከመቶ የወረደው ነው። ስለዚህ 1,000 ኪሎ ግራም ትኩስ ሥጋ በሚገባ ሲደርቅ 532 ኪሎ ያህል ኮፕራ ይሆናል። ያው ሥጋ እስከ 12 ከመቶ ብቻ ቢደርቅ ግን 568 ኪሎ ይመዝናል።

እንግዲህ ገዢው በሚዛን ብቻ የሚከፍል ከሆነ፣ በሚገባ ያላደረቀው ገበሬ የ36 ኪሎ ውኃ ዋጋ በትርፍ ያገኛል። ከዚህም ሌላ ማገዶና ጊዜ ተርፎለታል። ደክሞ ያደረቀው በአንጻሩ ለድካሙ ተቀጣ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት እርሱም ሳያደርቅ ቢያመጣ ማን ይፈርድበታል? እንዲህ ባለው ግዢ ጥፋተኛው ገበሬው አይደለም፤ ሚዛኑን የያዘው ነው።

እርጥብ ኮፕራ በመጋዘን ውስጥ ይሻግታል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ሊያመጣ ይችላል፤ መርዙም ወደ ፋጉሎው አልፎ የሚመገቡትን ከብቶች ይጎዳል። በዘይቱም ውስጥ ነጻ ቅባታማ አሲድ ስለሚበዛ ለማጣራት ተጨማሪ ወጪ ይጠይቃል፤ ዋጋውም ይወርዳል። የወረደው ዋጋ መልሶ የሚጫነው በሁሉም ላይ ነው፤ ያደረቀውም ያላደረቀውም እኩል ይከፍላል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው በአንድ ሰው ላይ ሲደርስ ነው፤ እዚህ ግን አንዱ አፍስሶ ጎረቤቱ ይለቅማል።

ሐ. የመንደሬው የጉልበት ሒሳብ

ቀደም ሲል እንዳመለከትነው፣ መንደሬው ኮኮናቱን ለመሸጥ አይገደድም። ሊበላው፣ ለእሪያዎቹ ሊሰጠው ወይም ወድቆ እንዲበቅል ሊተወው ይችላል። አንድ ቶን ኮፕራ ለማግኘት እንደ ፍሬው መጠን 5,000 እና 6,000 ያህል ኮኮናት መልቀም፣ መሸከም፣ መፈልፈል፣ መስበርና ማድረቅ ያስፈልጋል። በኒውዚላንድ፣ በአውስትራሊያና በአሜሪካ የሚኖሩ የሳሞአ ተወላጆች ለዘመዶቻቸው የሚልኩት ገንዘብ ደግሞ የአገሪቱ ከፍተኛ የገቢ ምንጭ ሆኗል። ስለዚህ የኮፕራ ዋጋ የአንድ ቀን ድካምን ካልመለሰ ወጣቱ ዛፍ ሥር አይጎነበስም። ይህን እንደ ስንፍና የሚቆጥሩት አሉ። እኛ ግን ትክክለኛ ሒሳብ ነው እንላለን። ምርት ጠፋ እያለ የሚጮህ ድርጅት ሁሉ መጀመሪያ ለአንድ ቀን ጉልበት ስንት እንደሚከፍል ማስላት ይኖርበታል።

ከዚህ ጋር የካሣውን ጉዳይ ማንሣት ይገባል። በ1975 የተፈረመው የሎሜ ስምምነት ስታቤክስ የሚባል ሥርዓት ነበረው። የአፍሪካ፣ የካሪቢያንና የፓሲፊክ አገሮች ከተወሰኑ ሰብሎች የሚያገኙት ገቢ ሲያሽቆለቁል የአውሮፓ ማኅበረሰብ ጉድለቱን በከፊል ይተካ ነበር። ኮፕራና የኮኮናት ዘይትም ከእነዚህ ሰብሎች ውስጥ ስለነበሩ ሳሞአ ተጠቅማለች። ሥርዓቱ በ2000 በተፈረመው የኮቶኑ ስምምነት ቀረ። በወቅቱ ጠቃሚ እንደነበር አንጠራጠርም። ሆኖም ምርቱ ከወደቀ በኋላ የሚመጣ ካሣ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ችግኝ ጣቢያና ወደ ማድረቂያ ካልሄደ ያለፈውን ዓመት ጉድለት ይሸፍናል እንጂ የሚመጣውን አያስቀርም።

5. የተረፈው ንግድ እንዴት ተረፈ?

በ1991 የሳሞአ ሴቶች አንድ የልማት ድርጅት አቋቋሙ። ስሙ በንግድ ሥራ የሴቶች ልማት ድርጅት እንደ ማለት ነው። ድርጅቱ ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ በየቤተሰቡ ደረጃ ንጹሕ የኮኮናት ዘይት ማምረት ነው። የተጠቀመበት መሣሪያ ዳን ኤተሪንግተን የተባሉ አውስትራሊያዊ የግብርና ኢኮኖሚ ምሁር ያስፋፉት ትንሽ የእጅ መጭመቂያ ነው። አሠራሩም ይህን ይመስላል። ኮኮናቱ ተሰብሮ ሥጋው ይፋቃል፤ ከሥር በኮኮናት ቅርፊት እሳት በሚሞቅ ብረት ላይ ተሰጥቶ እየታመሰ ይደርቃል፤ ወዲያውም በእጅ ኃይል ይጨመቃል። ከተሰበረበት ሰዓት ጀምሮ ዘይቱ እስኪወጣ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ይፈጃል። በመሆኑም ለመሻገት ጊዜ አያገኝም። ፋጉሎውም እዚያው ለእሪያና ለዶሮ ይውላል።

ድርጅቱ የገበሬዎቹ ማሳ ያለ ኬሚካል የሚለማ መሆኑን አስመስክሮ፣ ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዘ ቦዲ ሾፕ ለተባለው የመዋቢያ ዕቃዎች ኩባንያ ዘይት ማቅረብ ቻለ።

ይህን ስንጽፍ ግን ማጋነን አንፈልግም። በዚህ መንገድ የሚላከው ዘይት መጠን ፋብሪካው በደህናው ዘመን ይልከው ከነበረው ጋር የሚወዳደር አይደለም። የምስክር ወረቀቱ በየጊዜው ወጪ ይጠይቃል። በአንድ ትልቅ ገዢ ላይ መንጠልጠልም የራሱ አደጋ አለው፤ ገዢው ቢታመም ሻጩ አብሮ ይታመማል። ስለዚህ ትምህርቱ «ሁሉም በእጅ ይጭመቅ» የሚል አይደለም። ትምህርቱ ሌላ ነው። ፋብሪካው መጀመሪያ ማሽን ተክሎ በኋላ ጥሬ ዕቃና ጥራት ፈለገ። ሴቶቹ ግን መጀመሪያ ጥራቱን በእጃቸው አደረጉ፤ ቀጥለው ገዢ ፈለጉ፤ በስተመጨረሻም በአቅማቸው ልክ መሣሪያ ጨመሩ። ቅደም ተከተሉ ነው ልዩነቱን ያመጣው።

6. ይህ ለእኛ ማኅበራት ምን ይነግራል?

የሳሞአን ኮኮናት ያዋከበው ፓልም፣ ዛሬ በአገራችን ገበታ ላይም አለ። ኢትዮጵያ ሰሊጧን በአብዛኛው ሳይጨመቅ ወደ ውጭ ትልካለች፤ ለምግብ ከምትጠቀምበት ዘይት ውስጥ ትልቁን ክፍል ደግሞ በፓልም ዘይት መልክ ከውጭ ታስገባለች። ስለዚህ «ለምን እዚሁ አንጨምቅም?» የሚለው ጥያቄ በየማኅበሩ ስብሰባ ቢነሣ ተገቢ ነው። እኛም ሐሳቡን እንደግፋለን። ነገር ግን መጭመቂያ ከመገዛቱ በፊት ቀጥሎ ያሉት ነጥቦች ቢጤኑ እንመክራለን።

1ኛ. ጥሬ ዕቃው ይቆጠር። ለምሳሌ ያህል በቀን 10 ኩንታል የሚጨምቅ መሣሪያ በዓመት 250 ቀን እንዲሠራ 2,500 ኩንታል ዘር ይፈልጋል። 300 አባላት ያሉት ማኅበር እያንዳንዱ አባል 4 ኩንታል ቢያመጣ እንኳ 1,200 ኩንታል ብቻ ያገኛል። መሣሪያው ከግማሽ በላይ ጊዜውን ቆሞ ይውላል፤ ዕዳው ግን አይቆምም። ከዚህም በላይ ነጋዴው በደህና ዓመት የተሻለ ዋጋ ሲሰጥ አባሉ ለማን እንደሚሸጥ አስቀድሞ በጉባኤ መነጋገር ያሻል።

2ኛ. ሚዛን ብቻውን አይግዛ። በአንድ ኩንታል ውስጥ 3 ኪሎ አፈርና ገለባ ቢኖር፣ 1,000 ኩንታል የገዛ ማኅበር 30 ኩንታል አፈርና ገለባ በዘር ዋጋ ገዝቷል ማለት ነው። ማኅበሩ በግዢ ቦታ ላይ ወንፊትና የእርጥበት መለኪያ ይኑረው። ንጹሕና ደረቅ ዘር ላመጣ አባል የሚጨመርለት፣ ላላመጣም የሚቀነስበት ዋጋ አስቀድሞ ተለጥፎ ይታይ። ጭማሪው ትንሽም ቢሆን በዚያው ዕለት በእጅ መከፈል አለበት። በዓመቱ መጨረሻ የሚሰጥ የትርፍ ክፍፍል የማበጠርን ድካም አያስታውስም።

3ኛ. ጥራት ከማሳ ይጀመር። ሰሊጥ ታጭዶ ነዶው ቀጥ ብሎ እንዲደርቅ ሲደረግና ሲወቃም ሸራ ሲነጠፍ አፈሩ አይገባም። ለዚህ የሚወጣው ወጪ በኋላ ለማበጠሪያ ከሚወጣው ያነሰ ነው። የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ምክር ከመዝሪያ ጊዜና ከማዳበሪያ አልፎ እስከ አውድማው ሊደርስ ይገባል።

4ኛ. የነገው ምርት ከዛሬው ሽያጭ ይለይ። ሰሊጥና ኑግ በየዓመቱ ስለሚዘሩ እንደ ኮኮናት አያረጁም። ያም ሆኖ ዘሩ ይደባለቃል፤ መሬቱም ያለ ፈረቃ ሲዘራበት ይደክማል፤ በሽታና ተባይም ይለመዳል። ዋጋ ጥሩ በሆነበት ዓመት ማኅበሩ ከገቢው ላይ ለተሻሻለ ዘር መግዣ ቢያስቀምጥ፣ ሳሞአ ዛፍ ለመተካት ያጣችውን ጊዜ አያጣም።

5ኛ. ፋጉሎው በሒሳብ ይግባ። የመጭመቂያ ትርፍ ብዙ ጊዜ ያለው ከዘይቱ ይልቅ በፋጉሎው ነው። በአካባቢው ወተት የሚያልቡና ከብት የሚያደልቡ አባላት ካሉ ገበያው እዚያው ነው። ከሌሉ ግን የመጓጓዣው ወጪ ታስቦ ይወሰን።

7. ማጠቃለያ

በሳሞአ የኮኮናት ንግድ ታሪክ ውስጥ ዋጋ ብዙ ጊዜ ወጥቷል፤ ብዙ ጊዜም ወርዷል። ፋብሪካም ተተክሏል፤ ካሣም ተከፍሏል። ዘላቂ ውጤት የታየው ግን ሥራውን የሠራው ሰው የጥራቱን ዋጋ ባገኘበት ቦታ ነው። የዓለምን ዋጋ የኤክስቴንሽን ሠራተኛ አይወስነውም፤ ማኅበርም አይወስነውም። በግዢ ቦታ ላይ ያለውን ሚዛን፣ ወንፊትና የዋጋ ሠሌዳ ግን ማኅበሩ ራሱ ይወስናል። የሚቀጥለው የግዢ ወቅት ከመድረሱ በፊት እያንዳንዱ ማኅበር አንድ ጉባኤ ጠርቶ፣ «ባለፈው ዓመት አጥርቶ ላመጣ አባል ምን ጨመርንለት?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ ይህ ጽሑፍ ዓላማውን መታ እንላለን። መልሱ «ምንም» ከሆነ ግን ስለ መጭመቂያ ከመነጋገር በፊት ስለ ሚዛን መነጋገር ያስፈልጋል።